የአቻን የዳር መሬት

አኙዋዋ አቻን ባሏ ሲሞትባት ለችግር እጅ አልሰጠችም። የባሮ ወንዝ ክረምቱን ሞልቶ ሲሸሽ፣ እርጥቡን ጭቃ ተከትላ በእንጨት እየቆፈረች በቆሎ ትዘራለች። የወንዙን ዳር መሬት ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ማን ፈቀደልሽ ያላትም አልነበረም። በቆሎው ሲደርስ ከኑዌር ወዳጇ ከኛቦል ጋር ገበያ ላይ በወተት ትለዋወጣለች። ሁለቱ የሚግባቡት በተሰባበረ አማርኛ ነው፤ ለሐሜት ግን ከበቂ በላይ ነበር።

ክልል የሚባለው ነገር ሲመጣ እሷም እልል ብላለች። ብዙም ሳይቆይ ግን መሬቱ የማን ነው፣ ወንበሩ የማን ነው እየተባለ አኙዋና ኑዌር በጎሪጥ ይተያዩ ጀመር። አንድ ቀን የመንደሩ ወንዶች ማንጎው ሥር ተሰብስበው ሲበተኑ፣ ታላቅ ወንድሟ ኦሞድ እያቅማማ መጣ።

«የዳሩን መሬት ከእንግዲህ እኔ ልያዘው» አላት። «ሴት ከያዘችው ነገ ኑዌር ታገባና መሬቱም አብሯት ይሄዳል ተባለ። በአባቶቻችን ወግም የወንድ ነው።»

«የትኞቹ አባቶቻችን? አንተን ያሳደገህን በቆሎ ማን ዘራው?»

ኦሞድ ክፉ ሰው አልነበረም። «እምቢ ብል ወገኑን ከዳ ይሉኛል» አለ።

የሚያናድደው ይሄ ነው፤ ጠዋት ማንጎ ሥር የተወለደ ወግ ለምሳ ሳይደርስ የአባቶች ሆነ!

አቻን ገበያ ወርዳ ለኛቦል ነገረቻት።

«እኛም ጋ ብለዋል» አለች ኛቦል። «ሴት ልጅ ብቻዋን ወንዝ አትሻገር፣ አኙዋ ያገባታል፣ በእሷ በኩል መሬታችን ውስጥ ይገባል ብለዋል።»

«ወንዶቻችን በአንድ ነገር ተስማሙ በይኛ!»

ሳቁ። ሳቁ ግን አልዘለቀም።

በሚቀጥለው በጋ አቻን ያንኑ መሬት ቆፈረች፤ አሁን ግን የኦሞድ ነው፣ ለእሷ ድርሻ ይሰጣታል። ዘር የምታቀብላት ልጇ አጁሉ ቀና ብላ፣ «እማ፣ ሳድግ ይሄ መሬት የኔ ይሆናል?» አለቻት።

አቻን ወገቧ ተቆርጧል፤ ክርክሩም ሰልችቷታል። «መሬት የወንድ ነው፤ ድሮም እንዲሁ ነው» አለች ሳታስበው።

አጁሉ እሺ ብላ ሌላ ዘር አቀበለቻት። አቻን ግን መቆፈሯን አቆመች። ይህን ያላት ኦሞድ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ ትሟገተው ነበር፤ እናቷን ግን አመነቻት።