ሙሀባ በር ላይ የተቀመጠች ሰሞን

ሸዋሮቢት ውስጥ ሙሀባን «ዓይን አውጣ» የሚሏት ሞልተዋል። እኔ ጌታቸው፣ ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ የማመላልስ የአይሱዙ ሹፌር፣ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ። ነገሩን ሳያውቅ የሚያወራ ሰው ደሜን ያፈላዋል።

ባሏ ሷሊሕ ሸማኔ ነው። አባቱ ከሞቱ በኋላ አሊዩ አምባ ላይ ያሳደጉትም ሙያውን ያስተማሩትም አጎቱ አብዱልሀኪም ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ማሽላ ሲያጭድ ማጭዱ አዳልጦት ቀኝ መዳፉን በላው። ጤና ጣቢያ ደሙን አቁመው «ጅማቱ ተበጥሷል፣ ቶሎ አዲስ አበባ እጅ ብቻ የሚያክም ሐኪም ጋ ሂድ» አሉት። ሁለት ጣቶቹ ቀጥ ብለው ቀሩ፤ እጠፋቸው ቢባል እምቢ አሉ። በእንዲህ ያለ እጅ የሽመና መወርወሪያ አይያዝም። መዳፉን ሲያይ አንጀቴን በላኝና ሽንኩርቱን ትቼ ባልና ሚስቱን አሳፍሬ ወጣሁ።

«እጅ ብቻ የሚያክም ሐኪም አለ?» እያለ ሷሊሕ የጣርማ በርን ዳገት እስክንወጣ ሲገረም ነበር።

«ለአውራ ጣትማ ሌላ አለው» ብዬ አሾፍኩበት። ትንሽ ፈገግ አለ።

ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጅማቶቹን ፈልጎ አገናኝቶ ሰፋለት፤ ጣቶቹ እንዲታጠፉም ጀሶውን በእጁ ጀርባ በኩል ብቻ አሰረለት። ከዚያ ሙሀባን ጠርቶ እንዲህ አላት፤ «የቀረው ሥራ የእናንተ ነው። በግራ እጁ እየረዳ ጣቶቹን ቀስ እያለ ይጠፍ፣ ይዘርጋ፤ ዝም ካለ ጅማቱ ይጣበቃል። ግን እኔ እስክፈቅድ ምንም እንዳይጨብጥ፣ ማንም እንዳይጨብጠው። ከተበጠሰ እንደገና መስፋቱ ከባድ ነው።»

እስቲ ይኼ ለኢፋት ሰው የሚነገር ነገር ነው? የእኛ አገር ሰላምታ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ አንዱ የሌላውን እየሳበ እየደጋገመ መሳም ነው። ግራ እጅ መስጠት ደግሞ ንቀት ነው። የታመመ መጠየቅም አይቀርም፤ በተመለስን ማግስት ቤቱ በሰው ተሞላ። ሷሊሕ ሽማግሌ ሲገባ ባየ ቁጥር ሳያስበው እጁን ከነጀሶው ይዘረጋል። አንዱ ይዞ ሊስመው ሲል ሙሀባ ዘላ መሀል ገባች።

ከዚያ ወዲያ የእንጨት ዱካ አውጥታ በሩ ላይ ተቀመጠች። «ዱዓችሁን እዚሁ ሆናችሁ አድርጉለት» ትላለች። መንደሩ ተቀየማት። «ባሏን አሰረችው» ተባለ። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

አንድ ቀን አጎትየው ከአሊዩ አምባ መጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሙሀባ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው፤ ከበሩ ግን አላሳለፈቻቸውም።

«አባባ፣ አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎን ካየ እጁን ሳይሰጥ አያስችለውም። ሲድን እኔው ይዤው እመጣለሁ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አነሡ። ዞረው ሄዱ። ሷሊሕ ነገሩን ሁሉ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ አለቀሰ።

«አጎቴን ከበሬ መለስሽብኝ» አላት።

«መለስኩ። አሁን ጣትህን እጠፍ» አለችው። እኔ እንኳ ያን ቀን ጨከነች ብያለሁ።

ወራት አለፉ። ጀሶው ወጣ፤ ሐኪሙም በመጨረሻ «ጨብጥ» አለው። ሙሀባ ቃሏን ይዛ «ጋሽ ጌታቸው፣ አሊዩ አምባ አድርሰን» አለችኝ። በመንገድ ላይ ሽማግሌው ባልና ሚስቱን ፊት ቢነሷቸው ምን ይዋጣቸዋል እያልኩ ነዳሁ።

አጎትየው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሷሊሕ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ሰጣቸው። ከዘራቸውን ወደ ጎን አኖሩ። በዳበሳ እጁን ያዙት፣ ሊስሙትም ጎንበስ አሉ። ይኼኔ ሁለቱ ጣቶች ቀስ ብለው ታጠፉና በእጃቸው ላይ ጠበቅ አሉ። ሽማግሌው እንደጎነበሱ ቀሩ።

«ያዘኝ» አሉ። ሙሀባ የቆመችበትን በዓይናቸው እየፈለጉ «ልጄ፣ ያዘኝ እኮ» አሉ።

ያን ሁሉ ሐሜት ችላ አንድ ቀን እንባ ያልወጣት ሴት፣ መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ ተንሰቀሰቀች።