«በሞቴ» የማይባልበት ሐይቅ

ተገኘ! ሥራው ተገኘ፤ ቤቱም ተገኘ! ቤቱ መስኮት አለው፤ መስኮቱ ወደ ሐይቅ ይከፈታል፤ ሐይቁ ደግሞ ማዶው አይታይም! የማን ሥራ፣ የማን ቤት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን እልል በሉልኝ። ደግ ወሬ እንደ ትኩስ ቆሎ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ካላገላበጡት ያቃጥላል።

የሕዝቅያስ ነው። የቱላዋ የፀሐይ ልጅ፣ ያ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጀልባ ቀለም ይቀባ የነበረው ረጅሙ። ልጅ እያልን እንጠራዋለን እንጂ ሠላሳውን ካለፈ ቆይቷል።

ይህ ሰው ከትንሽነቱ ጀምሮ ውኃ ሲያይ ያለበትን ይረሳል። እናቱ ለገበያ ከቱላ ወደ ከተማ ይዛው ስትገባ እጇን አስለቅቆ ይጠፋል፤ ፈልጋ ፈልጋ የምታገኘው ሁልጊዜም ሐይቁ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው።

«ምን ታያለህ አንተ?» ትለዋለች።

«ማዶን።»

«ማዶ ምን አለ?»

«እሱን ነው የማየው።»

ሐይቆች ሁሉ ከመሬት በታች ይተዋወቃሉ ብሎም ያምን ነበር። አባያ ለጫሞ፣ ጫሞ ደግሞ ስሙን ለማያውቀው ለሌላ ሐይቅ፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ወሬ ያደርሳሉ። ታዲያ የሐዋሳ ሐይቅ ማታ ማታ ዝም የሚለው ከሩቅ የሚመጣ ወሬ እያዳመጠ ነው፤ እንደ ሕዝቅያስ አባባል። እናቱ በጸሎት ቤት ምን አስተምረውት ይሆን ብላ ትጨነቅ ነበር።

ብሩሽ የጨበጠው በጋሽ ግዛቸው ነው። ጋሽ ግዛቸው የሽርሽር ጀልባ አላቸው። አንድ ቀን ይህ ልጅ አጥር ላይ በከሰል የሳለውን አባ ኮዳ፣ ያን ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ አዩና ጠሩት።

«እስቲ ይህችን ጀልባ ቀለም ቀባና አሳምርልኝ።»

«አይ ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ። የሚችል ሰው ቢፈልጉ ይሻላል።»

«በሞቴ!»

«ኧረ ጋሼ፣ አበላሽብዎታለሁ።»

«አፈር ስሆን! ያዝ ብዬሃለሁ ብሩሹን!»

ያን ጊዜ ያዘ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ እጁን ይበላው ነበር፤ ግን ወግ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ማዕድ ላይ ሲጠራ አንዴ «በልቻለሁ» ይላል፤ ሁለተኛ «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል፤ በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው ጥሪ የሚቀመጥ ሰው፣ ከጎረቤታችን ከብዙነሽ በቀር፣ አይቼ አላውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሐይቅ ዳር ጀልባዎች ሁሉ የሕዝቅያስን እጅ ለበሱ። ከዕለታት አንድ ቀን ትልቅ ሻንጣ በጀርባዋ ያዘለች የሩቅ አገር ሴት አጠገቡ ቁጭ ብላ ሲቀባ ስታይ ዋለች። ወዴት ነሽ ቢላት «አላውቅም» አለችው። ሥራ ባገኘሁበት አገር እቀመጣለሁ፤ ሲበቃኝ ደግሞ እነሣለሁ፤ ዓመታት እንዲህ ኖርኩ አለችው። ሕዝቅያስ ያን ቀን ብሩሹን ቀለም ውስጥ ሳይሆን ሻዩ ውስጥ ነከረ። እንዲህም ይኖራል እንዴ!

ብዙም አልቆየ፤ ብሩሾቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ሻንጣ አነገተ። እኅቱን ያገባው ፊልሞን የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለውና «ና ከእኔ ጋር ሥራ፣ ቀለም እኮ እኔም ዘንድ አለ» ብሎ ለመነው። በቆርቆሮ የታሸገ ቀለም መሸጥ! ሕዝቅያስ ይህን ሲሰማ ራሱ የታሸገ መሰለው። ብዙነሽ ደግሞ በራችን ላይ ቆማ ፍርዷን ሰጠች፦

«ይሄ? ሞያሌን ሳያልፍ እናቱን እየጠራ ይመለሳል። እኔ ብዙነሽ አልኩ!»

እናቱ አላለቀሰችም። አንድ ቃል ብቻ አስገባችው። የፍቼ፣ የዘመን መለወጫችን፣ የሚውልበትን ቀን፣ እንደምታውቁት፣ ሽማግሌዎቹ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚናገሩት። «ቀኑ ሲነገር ቋሚ ሥራና ማደሪያ ከሌለህ ትመጣለህ» አለችው። «የበዓሉን ዕለት፣ ጫምባላላን፣ ጉዱማሌ ሜዳ አብረን እንውላለን፤ ከዚያ ፊልሞን ሱቅ ትገባለህ፤ ስለ መንገድ ሁለተኛ አታነሣብኝም።» ቃሉን ሰጠ። እንግዲህ የሕልሙ ዕድሜ በሰማይ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው፤ ቀኑን ከከዋክብቱ በቀር የሚያውቀው የለም።

ሞያሌንስ አለፈ። ከድንበሩ ባሻገር አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ግድግዳውን አስቀባውና ወደደለት። «እዚሁ ብትሠራ ምን ይመስልሃል?» አለው። ሕዝቅያስ ልቡ ዘለለ፤ አንገቱን ግን ደፋ አድርጎ «አይ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ፣ አላስቸግርህ» አለ። ሰውየው «እሺ፣ መልካም መንገድ» ብሎ ጨበጠው። ሕዝቅያስ በሩ ጋ ደርሶ የጫማውን ክር አሰረ፤ ፈታና ደግሞ አሰረ። ማንም አልጠራውም።

ናኩሩ ላይም ያው ሆነ። ሐይቁ ጥግ ጥጉ ሮዝ ነው፤ በወፍ ብዛት። ጠዋት ጠዋት ወፎቹ ሲነሡ የሐይቁ ቆዳ የተገፈፈ ይመስላል። የእንግዳ ማረፊያ ያላት አንዲት ደግ ሴት የበሮቿን ቁጥሮች አስጽፋው፣ «ክፍል አለኝ፣ ሥራም አለኝ፣ ቆይ» አለችው። «ኧረ ግድ የለም፣ ሌላ ሰው ይኖርሻል» አላት። «እንደፈለግህ» አለችና ለመንገዱ ሙዝ ሰጠችው። ሙዙን እየላጠ ረጅም መንገድ ሄደ። ከልቧ ቢሆን ኖሮማ ትለምነኝ ነበር፣ እያለ። እንደ ሞያሌው ሁሉ ይህም ሥራ ሳይሆን ቀረ ብሎ ለእናቱ ደወለላት።

በመጨረሻ ኪሱሙ ደረሰ፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር። ከአውቶቡሱ ወርዶ ወደ ውኃው ሲወርድ ሐሳቡ ሁሉ ጸጥ አለ። ማዶ የለም! ውኃው ይሄድ ይሄድና ሰማይ ይሆናል። ጀልባዎቹ ከአድማስ ላይ ሳይሆን ከደመና ውስጥ የሚወጡ ይመስላሉ። ደግሞ ምን ያያል? አባ ኮዳ! የእኛው አባ ኮዳዎች፣ ክንፋቸውን እንደ ካፖርት ደርበው፣ እንደ ጡረተኛ ዳኛ የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። «ደረሳችሁ እንዴ ቀድማችሁኝ?» አላቸው በአማርኛ። አንዱ ቀና ብሎ አየው፤ ሕዝቅያስ እስከ ዛሬ ዐውቆኛል ይላል።

እዚያ ነው ምዜ ኦዱዎርን ያገኛቸው። «ምዜ» እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ነው። የጀልባ መሥሪያ ግቢ ያላቸው፣ ባርኔጣቸው የማይወልቅ፣ ነገር የማይደጋግሙ ሽማግሌ ናቸው። አንዲት አዲስ ጀልባ ሰጡት። በተሰባበረ እንግሊዝኛና በተለቃቀመ ስዋሂሊ እየተግባቡ ሰነበቱ። ሕዝቅያስም የሐዋሳን ማዶ ተራሮች በጀልባዋ ጎን ላይ ሳላቸው፤ ማዶ ለሌለው ሐይቅ ማዶ ሰጠው ማለት አይደል? ቀን ይቀባል፤ ሲመሽ ከውኃው ዳር ተቀምጦ ሰማይ ያያል። እዚያኛው ሐይቅ ዳር አያንቶዎቹ ይህቺኑ ኮከብ እያዩ ይሆን? ትንሽ ዘገይ በይ ይላታል፤ ኮከቧን።

ጀልባዋ ያለቀች ዕለት ምዜ ኦዱዎር ዞር ዞር ብለው አዩዋት። ከዚያ በዱላቸው ወደ ግቢው ጠቆሙ።

«ሌሎችም አሉ። ከመጋዘኑ በላይ ክፍል አለች፤ መስኮቷ ወደ ውኃ ነው። የኢሚግሬሽኑን ነገር እኔ ሄጄ አስጨርሳለሁ። ትቀመጣለህ?»

መስኮቷ ወደ ውኃ! ሕዝቅያስ ቀና ብሎ መስኮቷን አያት።

«አይ ምዜ» አለ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ «አላስቸግርዎ። እኔ መንገደኛ ነኝ።»

ሽማግሌው ለአፍታ አዩት። «ይሁን» አሉ። «እግዚአብሔር መንገድህን ይባርክ።» የሠራበትን ሰጥተው ጨበጡት።

አውቶቡስ ተራ ቆሞ ሳለ ነው ስልኩ የጠራው። እናቱ ናት።

«ቀኑ ተነገረ ልጄ። አያንቶዎቹ ተናገሩ።»

«እሺ እማዬ» አለ ሕዝቅያስ። «መጣሁ። አውቶቡስ ተራ ነኝ።»

«ሥራ የለም?»

«የለም። አንድ ሽማግሌ ተቀመጥ ብለውኝ ነበር፤ ከልባቸው አልነበረም እንጂ።»

«ከልባቸው አለመሆኑን በምን ዐወቅህ?»

«አንዴ ብቻ ነዋ የጠየቁኝ!»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ? አላስቸግርዎ አልኩ።»

«ያቺ የናኩሩዋ ሴትዮስ?»

«እሷም አንዴ።»

«የሞያሌውስ?»

«እሱም… አንዴ።»

ፀሐይ ዝም አለች። ያቺን ዝምታ ለእኔ ነግራኛለች፤ እንዲህ ናት። ዝም ካለች ልጇ ይመጣላታል። ጫምባላላ ዕለት ጉዱማሌ ላይ አጠገቧ ነጭ ለብሶ ሲቆም ታየዋለች፤ በየሳምንቱ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ክንዷን ይዞ ሲያሻግራት ታየዋለች። አንዲት ቃል ብቻ አለመናገር ነው። ደግሞ ያን ድንጋይ ታየዋለች፤ እዚያ ላይ ተቀምጦ «እሱን ነው የማየው» የሚለውን። ከዚያ ጮኸችበት፦

«አንተ ሲግደረደር ጦም የሚያድር! እዚያ አገር በሞቴ የሚል ሰው አለ እንዴ?»

ሕዝቅያስ ሻንጣውን መሬት አስቀመጠ። አየ ጉድ! የሞያሌው በር፣ የናኩሩ ሙዝ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ፊቱ ላይ መጣበት። ቋንቋቸውን ሊማር ሲሞክር ሰንብቶ፣ አብሯቸው በልቶ ጠጥቶ፣ ይህች አንዲት ነገር አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለችውም! እነሱ ከልባቸው ጠይቀው፣ እሱ ከልቡ እምቢ ያለ መስሏቸው!

«እማዬ፣ ስልኩን እንዳትዘጊው!» አለና ሮጠ።

ምዜ ኦዱዎር አንዲት የተገለበጠች ጀልባ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣ የሌላ ቀለም ቀቢ ስልክ ቁጥር እየፈለጉ ነበር። ሕዝቅያስ እያለከለከ ደረሰ።

«ምዜ፣ እቀመጣለሁ!»

«እምቢ አልከኝ እኮ።»

«እምቢ ማለቴ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ማለትህ ነበር?»

«እንደገና ይጠይቁኝ ማለቴ ነበር።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወረዱ። «በእኛ ዘንድ እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ ቃሉን መናቅ ነው» አሉ። «በእናንተ አገር ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቀው?»

«ሦስት። ከቸኮሉ ሁለትም ይበቃል።»

ምዜ ኦዱዎር ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ በፊት ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ያየ ሰው በግቢው አልነበረም።

«ትቀመጣለህ?»

«እሺ!»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም! ትቀመጣለህ?»

«ኧረ እሺ አልኩ ምዜ!»

«ሦስተኛው ይቀራል።»

ከስልኩ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ከቱላ ትጮሃለች፦ «በሞቴ በሉ በላቸው! ወጉን አትቁረጠው!»

«ምንድን ነው የምትለው?» አሉ ሽማግሌው።

ሕዝቅያስ ነገራቸው። ቃሏን አንዴ በአፋቸው አገላበጧት፣ ጣዕሟን እንደሚያይ ሰው። ከዚያ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «በ… ሞቴ!» አሉ፤ ያውም እንደ ቱላ ሽማግሌ ረገጥ አድርገው። ሕዝቅያስን ከእሺታው ዕንባው ቀደመው። ፀሐይ ግን በእሱ ፈንታ እልል አለች፤ አባ ኮዳዎቹም ደንግጠው ተነሡ።

እነሆ አሁን እዚያ ነው። ማታ የሽማግሌው ሚስት ገና «ትበላ…» ስትል «እሺ!» ይላል፤ የግቢው ሰው ሁሉ በዚህ ይስቅበታል። ለጫምባላላ ዕለት ብሩሽ እንደማይነካ አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ ምዜም ተስማምተዋል፤ እሱም አንዴ ብቻ ነው የጠየቃቸው። እናቱ ጉዱማሌ ሆና ስልኳን ከፍ አድርጋ ዘፈኑን ልታሰማው ነው። ትናንት አመሻሹ ላይ ከዚያች መስኮት ደውሎላት ነበር።

«እማዬ፣ ይሄኛውስ ማዶው አይታይም።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

«እሱን ነው የማየው።»

ፀሐይ ይህን ስትነግረኝ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር፤ የቱ እንደሚበዛ አልለየሁም። እኔ የምለው፣ ያ ሁሉ የሐይቆች መተዋወቅ ነገር እውነት ቢሆንስ? ዛሬ ጠዋት የእኛው ሐይቅ እንዲያ ብሎ ማንጸባረቁ በከንቱ ነው?

በሉ እንግዲህ፣ ደኅና ዋሉ፤ ጫማዬን የት ጣልኩት? ብዙነሽ ገና አልሰማችም። ያቺ «ሞያሌን አያልፍም» ያለችው! ፊቷን ሳላየው ሌላ ሰው ቀድሞ ቢነግራትማ አልምርም። መሄዴ ነው።