እንሰት ስንፍቅ የተነሣው ፊልም

በጃንሆይ ዘመን፣ ትልቋ ልጄ ስድስተኛ ክፍል በጨረሰች ዓመት፣ እኔ ፊልም ሠርቻለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ አልፈርድበትም። ፊልሙ የሚቆየው አንድ መዝሙር ተዘምሮ እስኪያልቅ ያህል ነው። ድምፅ የለውም።

የምንኖረው ከይርጋጨፌ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ አያልፍም። ሰባተኛ የሚማር ዲላ ይሄዳል። ዲላ እህቴ ስላለች ማደሪያ አልቸገረንም። የቸገረን የልጅቷ አባት ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፣ መጠጥ አይቀምስም፣ እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም። ነገር ግን በለመንኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር።

"እሷ ከሄደች እንሰቱን ማን ይፍቃል?"

"እኔ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"እስቲ ጉባኤው ይለፍ።"

ጉባኤ የሚለው በየዓመቱ ዲላ፣ በሚስዮኑ ግቢ የሚደረገውን ነው። በዚያ ዓመት ከጉባኤው ቀኖች አንዱ የሴቶች ፊልም የሚታይበት እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር። ሐሳቡ የመጣው የሴቶቹን ክፍል ከምታስተምር የውጭ አገር ሴት ነው። ሁላችንም ሚስ ነበር የምንላት። ከእኛ ጋር ብዙ ስለኖረች አማርኛ አይቸግራትም። አገሯ ደርሳ ስትመለስ እንደ ሰዓት በእጅ የሚሞላ ትንሽ የፊልም ማንሻ ይዛ መጣች። "ሥራችሁን ራሳችሁ አሳዩ" አለችን። አያያዙን አስተማረችንና በየተራ ሰጠችን፤ ለአንዲት የዲላ ከተማ ሴት፣ ከደጋው ለመጣች አንዲት የቡሌ ሴት፣ ከዚያ ለእኔ።

እኔ ያነሣሁት የምሠራውን ነው። እንሰት ፍቂያ ለማያውቅ ሰው፣ ሴትዮዋ መሬት ትቀመጣለች፣ የእንሰቱን ቅርፊት ባዘነበለ ሳንቃ ላይ ታስደግፋለች፣ እንዳይንሸራተት አንድ እግሯን አንሥታ ከላይ ትረግጠዋለች፣ ከዚያ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። የተፋቀው ተቀብሮ ከርሞ ቆጮ ይሆናል። እግር ስለሚገለጥ ወንድ ወደዚያ ዝር አይልም። ባልም ቢሆን ከአጥር ውጭ ቆሞ ይስላል፣ የፈለገውን ከዚያው ይናገራል። ይህ ከወንጌል በፊት የነበረ ልማድ ነው። ወንጌል ከመጣም በኋላ አልቀረም።

መጀመሪያ እኔ ልጄን አነሣኋት፤ ቀጥላ እሷ እኔን አነሣችኝ። እጇ ፈጣን ነው። ከእኔም ይፈጥናል። ፊልሙ እንዲታጠብ ወደ ባሕር ማዶ ከተላከ በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። አባቷ ይህን እጅ አንድ ጊዜ ካየ ዲላ አይልካትም። ፖስታ ቤቱ ፊልሙን እንዲያጠፋው ጸለይሁ። ፖስታ ቤቱ አላጠፋውም።

የጉባኤው ዕለት ከምሳ በኋላ የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ተሸፈኑ። መካከል ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነጭ አቡጀዲ ተወጠረ። ሚስ የፊልም ማሳያ መኪናውን ከወዲህ አቆመች፣ ሁላችንም ፊታችንን ወደ አቡጀዲው አድርገን ተቀመጥን። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ።

አስቀድሞ የታየው የከተማዋ ሴት ፊልም ነው። የዲላን ገበያ ነው ያነሣችው። ፎቶ ቤት መነሣት የለመደች ስለሆነች ሰዉን ሁሉ "እንዳትንቀሳቀሱ፣ ይበላሻል" ብላ አስጠንቅቃ ነበር። ገበያው በሙሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመጨረሻ አንድ በግ ዞር አለ። ሰው አጨበጨበ።

ቀጥሎ የቡሌዋ ሆነ። ደጇን ልታነሣ ስትጀምር ጉም መጣ። እስኪገልጥ ብላ ሳታቆም ጠበቀች። አልገለጠም። እስከ መጨረሻው ነጭ ነው። "ብርዱ ግን ይታወቃል" አሉ አንዲት እናት።

ሚስ "አሁን ደግሞ እንሰት ፍቂያ" ስትል አንድ አዛውንት ተነሡ።

"ይህ ነገር ወንድ ባለበት ነው የሚታየው?"

"አዎ አባባ። ፊልም እኮ ነው።"

"እግር አለበት?"

ሚስ አሰበች። "አለበት።"

"እንግዲያው አይሆንም።"

ሴቶቹ አጉረመረሙ። "የእኔን ጉም አፋችሁን ከፍታችሁ አይታችሁ የሰውን ሥራ ልትከለክሉ!" አለች የቡሌዋ።

በዚህ ጊዜ ባሌ ተነሣ። "በመካከል መጋረጃ ካለ ነውር የለም" አለ። "ወንዶች ከአቡጀዲው ወዲያ እንቀመጥ። እነሱ ይዩ። ሲያልቅ ይጥሩን።"

"ግን እኮ አቡጀዲው..." አለች ሚስ።

"ተወስኗል" አሉ አዛውንቱ።

ወንዶቹ አግዳሚያቸውን ተሸክመው በሥርዓት ወደዚያ አለፉ። ከእኛ መካከል ከተወጠረ አቡጀዲ ጀርባ ተቀምጦ ፊልም ያየ አልነበረም። ሚስ ብቻ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። እኔ ጌታን አመሰገንኩ። ልጄ ዳነች አልኩ።

ፊልሙ ጀመረ። ልጄ አጎንብሳ ትፍቃለች። ነጩ ውሃ በሳንቃው ይወርዳል። እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ አትለቅም። ስሠራ ኖሬ ሥራውን ከውጭ ሆኜ ያየሁት ያን ቀን ነው። እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ እኔ መጣሁ፤ ላቤን በትከሻዬ እየጠረግሁ።

ከወዲያ በኩል አንድ ድምፅ የለም። የቡሌዋ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ወንዶች እንዲህ ዝም ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ልየው።"

ሄዳ የአቡጀዲውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየች። ተመልሳ ተቀመጠች።

"እህቴ፣ እዚያም አለ።"

"ምኑ?"

"አንቺ። ልጅሽም። ሁለታችሁም በግራ እጃችሁ ትፍቃላችሁ።"

ትንሽ ቆይቶ ገባኝ። ብርሃኑ ጨርቁን ያልፋል። ከወዲህ ቀኝ የሆነው ከወዲያ ግራ ነው።

"ባሌስ?"

"ፊት ነው የተቀመጠው።"

ፊልሙ አለቀ። እኛ ወንዶቹን መጥራት ረሳን። ትንሽ እንደቆየን ከወዲያ የአዛውንቱ ድምፅ መጣ።

"አልቋል እኮ! ለምን አትጠሩንም?"

ከዚያ በኋላ ሴቶቹን ዝም የሚያሰኝ አልተገኘም። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው፣ አግዳሚያቸውን ይዘው ተመለሱ። አዛውንቱ የመዝጊያ ጸሎት ሲያደርጉ "ዛሬ ስላየነው" ብለው ቆሙና "እህቶቻችን ስላዩት ነገር እናመሰግንሃለን" አሉ። ለበለጠው ፊልም የተዘጋጀው ሽልማት ጃንጥላ ነበር። ሥርዓት ያለው ፊልም ነው ተብሎ ለከተማዋ ሴት ተሰጠ።

በማግስቱ ወደ መንደራችን ስንመለስ ባሌን ስላየው ነገር አልጠየቅሁትም። በልቤ ግን አበቃ ብዬ ነበር። የልጅቷን እጅ አይቷል። እንዲህ ያለ እጅ ማን ይለቃል?

ማታ እራት ቀርቦ፣ ጸሎት አድርሶ፣ ከመቁረሱ በፊት ተናገረ።

"ያቺ ልጅ ዲላ ትሂድ።"

የያዝኩትን ሰሐን አስቀመጥሁ።

"ለእንሰት አልተፈጠረችም" አለ። "በግራ እጇ የምትፍቅ ልጅ እኛ ቤት ምን ታደርጋለች? የትኛዋ አማት ትችላታለች? ትማር።"

ልጄ ቀኝ እጇ ምግቡ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ። እኔን አየችኝ።

ልናገር አፌን ከፈትሁ። ግን ወንድ እንሰት ሲፋቅ አያይም። እሱም ከመጋረጃ ወዲያ ነበር፤ ሽማግሌዎች የወሰኑት ነው፣ ራሱም ያቀረበው ነው። ያላየውን ነገር እንዴት አድርጌ ላርምለት?

"እሺ" አልኩ።

በዚያው ፊልም እኔም በግራ እጄ ነበር የምፍቀው። ስለ እኔ ግራ እጅ ግን ያን ማታም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረም። ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። ልጁን በቀኝ እጇ ስትበላም ስትጽፍም ስንት ዓመት አይቷታል። አልጠየቅሁትም። አንዳንድ ስጦታ አገላብጠው ሳያዩ የሚቀበሉት ነው።

ትምህርት ሲከፈት ሳጥኗን ራሱ ተሸክሞ እስከ ዋናው መንገድ ሸኛት። አውቶቡሱ እስኪመጣ አብሯት ቆመ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አቧራ ነው አለ። መንገዱ አቧራማ ነው፤ እውነቱን ነው።

የዚያን ዓመት እንሰት ብቻዬን ፋቅሁ። ከብዶኛል። ወገቤ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ነገር ግን ከሰዓት በኋላ፣ እግሬ ሳንቃው ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ ከአጥሩ ውጭ ሳል ይሰማል።

"ይብቃሽ" ይለኛል። "ነገም ቀን ነው።"

ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ጌታ ይመስገን።