የማያጨበጭበው ባሌ

ባሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ይህን ስናገር ዛሬም ደረቴ ይነፋል። ፍራንክፈርት ያሉ ያገራችን ሰዎች ሆኽስት ፋብሪካ ሲገቡ፣ ታክሲ ሲነዱ፣ የእኔው ሰሜን ባሕር ላይ የዓሣ መርከብ ተቀጠረ። ሳምንታት ቆይቶ ኖርድቬስትሽታት ሰፈር ያለው ቤታችን ሲመጣ፣ ልብሱን ደጋግሜ ባጥበውም ሽታው አይለቅም። መርከቡ ላይ ወለሉ በረዶ ነው፤ ማዕበሉ ሰው ይጠርጋል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። "እንዴት ነበር?" ስለው "ደህና ነው" ይለኛል። አቤት የሱ "ደህና ነው"!

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ አንድ ክረምት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ መጣ። መረቡን የሚጎትተው የብረት ገመድ የባልደረባውን እጅጌ ይዞ ወደ ማሽኑ ሲስበው፣ የኔ ጉድ ዘሎ ሰውየውን ፈልቅቆ አወጣው። ሰውየው ዳነ። ባሌ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች እዚያው ትቶ መጣ።

ከዚያ ወዲህ እጁ ከኪሱ አልወጣ አለ። ጉባኤያችን የሚሰበሰበው ቦከንሃይም ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ ነው። ዝማሬ ሲጀመር ቤቱ በጭብጨባ ይናወጣል፤ እሱ ብቻ ዝም። ቆይቶ ጭራሽ መቅረት አማረው። "እሑድ ቴርሚን አለኝ" አለኝ። በጀርመን አገር እሑድ ቀጠሮ የሚሰጠው ማን ነው? ፈራሁ። ባሕሩ ያልወሰደብኝን ሰው ኀፍረት ሊወስድብኝ ነው አልኩ። ጎትቼ ወሰድኩት።

ከዝማሬው በኋላ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ ምነው ቀዘቀዝክ? ማጨብጨብም ተውክ" አሉት። በክፋት አልነበረም፤ ግን ደሜ ፈላ። ምስክርነት ሲጀመር ማንም ሳይጠራኝ ማይኩን ያዝኩ።

"አባባ፣ ያልቀዘቀዘ ሰው ማየት ከፈለጉ ባሌን ይዩልኝ!" ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ በረዶውን፣ ገመዱን፣ የሰውየውን እጅጌ። ባሌ አንገቱን ደፋ። አለቀልኝ፣ ከእንግዲህ አያናግረኝም ብዬ ነበር።

ሽማግሌው መጥተው ፊቱ ቆሙ። "እስቲ እጅህን" አሉት። አመነታ፤ ከዚያ ከኪሱ አወጣው። እኛ ጎንበስ ብለን የምንሳለማቸው ሰው ጎንበስ ብለው ያቺን የተጎዳች እጅ ሳሟት። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ዝማሬው ሲቀጥል ባሌ አጨበጨበ። ምት ይስታል። ሙሉ ጣት እያለውም ይስት ነበር!