የእህቴ ማተብ ሲጠብቅ

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳትሰሙ አትሂዱ። የእናቴን ጣት ነው የማወራላችሁ።

እህቴ ያገባችው ቢቸና ነው። ነፍሰ ጡር ናት ሲባል እናቴን ይዤ ከሞጣ ተነሳን። መንገዱ አጥንት እያላቀቀ ነው የሚያደርስ። እናቴ ገና ደጃፍ ላይ እህቴን አቅፋ እየሳመች፣ ጣቷን በእህቴ ማተብ ስር ልታስገባ ሞከረች። አልገባም።

«ማተብሽን ማን አጠበቀው?»

«ማንም። ወፍሬ ነው እማ።»

ባሏ ከኋላ ሳቀ። «እማማ፣ የሞጣ ሰው ልጁ ስትወፍር ታመመች ነው እንዴ የሚለው? ቢቸና ተስማምቷት ነው።»

«ክንዷ ቀጥኖ አንገቷ ብቻውን ምን በልቶ ወፈረ?» አለችው።



እናቴ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገች። የቆየ እንቅርት አለባት። ልጅ ሳለች ይጠፋል ብለው ዙሪያውን ነቀሷት። «ይኸው፣ ንቅሳቱም አለ፣ እንቅርቱም አለ። የልጄ ገና ጅማሬ ነው። ሆዷ ውስጥም ሰው አለ። ተነሱ።»

ያቺን አንገት ስንቱ ዘመድ ሲስማት ከርሟል። እኔም ስሜያታለሁ። ያወቀችው እሷ ናት፣ ያውም በጣቷ።

ጤና ጣቢያ ነርሷ እህቴን ውሃ አስጎነጨቻት። ስትውጥ እብጠቱ ወጣ፣ ወረደ።

«ደህና አድርገው አይተዋል እናቴ» አለች ነርሷ። «እንቅርት ይመስላል፣ በደም እናረጋግጣለን። ብዙ ጊዜ አዮዲን ሲያንስ ነው የሚመጣው። የጽንሱም አእምሮ እሱን ይፈልጋል። እስቲ የምትበሉትን ጨው አምጡልኝ።»

ሮጬ ከነከረጢቱ አመጣሁላት። የሆነ ፈሳሽ ጠብ አደረገችበት። አዮዲን ካለው ሰማያዊ ይሆናል አለች። አራታችንም አፍጥጠን ጠበቅን። ነጭ ነበር፣ ነጭ ሆኖ ቀረ። ከረጢቱ ላይ ግን «አዮዲን ያለው» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል።

ቤት ስንመለስ እናቴ ጥቁር ክር ገመደች። አዲሱን ማተብ ሰፋ አድርጋ ካሰረችላት በኋላ ነው አሮጌውን የቆረጠችው፤ አንገት ለአፍታም ባዶ አይሆንማ። እህቴ ምራቋን ዋጠችና «ተነፈስኩ» አለች። እናቴ ግን አንገቷን ትታ ሆዷን ነበር የምታየው። ልጁ ገና አልተወለደም። እስኪወለድ እንዲህ እያየች ነው የምትከርመው።

እኔ ከረጢቱን አልጣልኩትም። እናንተ «አዮዲን ያለው» ብላችሁ ያተማችሁ፣ እናንተም ሳትመረምሩ ያሳለፋችሁ፣ ቤታችሁ ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ከዚሁ ከረጢት ነው?