ጳጉሜን የማያውቅ ቤት

ብሎግሽ ቤት ሊቀይር ነው ያለችኝ የልጅ ልጄ ናት። እኔ ስላሳደግኋት ሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ አንቺ ትለኛለች። ሥራዋ ኮምፒውተር ነው። ብሎጉን መጀመሪያ የከፈተችልኝም እሷው ናት፤ «እማዬ፣ ለኔ የምታወሪውን ለሰው ሁሉ አውሪው» ብላ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያቺኑ ፊደል ይዤ በአንድ ጣት ስልኬን እየነካካሁ ስለ አቃቂ እጽፋለሁ፤ ስለ ባቡሩ፣ ስለ ፋብሪካው ጡሩምባ፣ የጤፍ ማሳ ስለነበረው ኮንዶሚኒየም። አንዱን ጀምሬ ሌላው ውስጥ እገባለሁ። የሚያነቡኝም ለምደውታል።

«ለምን ይቀይራል? አከራዩ አስወጣን?» አልኳት።

«እንደሱ በይው። የድሮውን ሲስተም የሚያሠሩት ሰዎች ሊዘጉት ነው። አዲሱ ደግሞ ፎቶ ይቀበላል፣ ስልክ ላይ አይንቀራፈፍም።»

እኔ ቤት መቀየር የማውቀው በጭነት መኪና ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትሄድ፣ ፍራሹ ከላይ፣ ድስቱ ከመሃል፣ እሷ ከሾፌሩ ጎን ሆና ቤቷ በመንገድ ሲያልፍ ቆሜ አይቻለሁ። ጽሑፍስ እንዴት ነው የሚሄደው? ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ እስኪደርስ የት ነው ያለው? ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ተነሣ?» እላለሁ።

«ተነሥቷል።»

«አሁንስ የት ደረሰ?»

«ቃሊቲ መናኸሪያ ነው እማዬ፣ ረዳቱ ሰው እየጠራ ነው» ብላ ትስቅብኛለች።

ስክሪኑ ላይ የማየው አንዲት አረንጓዴ መስመር ስትረዝም ብቻ ነው። ኋላ ስትራራልኝ በደንብ ነገረችኝ። ጽሑፉ ሁሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይታሸጋል። ፋይሉ አዲሱ ቤት ሲገባ ይፈታል፣ እያንዳንዱም ጽሑፍ በተጻፈበት ቀን ቦታ ቦታውን ይይዛል። «በቀኑ» ያለችውን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

መስመሯ ስትሞላ ስልኬን አንሥቼ በቀጥታ አንድ ጽሑፍ ፈለግሁ። ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ለት የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ይባላል፤ ልጅ ሁሉ ልብሱን ጥሎ ይወጣል። እኔና ጓደኛዬ በሐዲዱ ዳር እየሮጥን በዚያ ዝናብ ስንታጠብ የሚያወራ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉስ ቢጠፋ ደግሜ እጽፈዋለሁ። ነገሬ ከሥሩ ያለው አስተያየት ነበር።

እናቴ የሞተችው ነፍስ ሳላውቅ ነው። ፎቶ የላትም። ጓደኛዬ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ታውቃታለች፤ ጽሑፌን አንብባ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «አንቺ እኮ መራመድ ሳትጀምሪም ወጥተሻል። እናትሽ ነጠላዋን አጥሩ ላይ ጥላ፣ አንቺን ከፍ አድርጋ ለዝናቡ ሰጠችሽ። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እሷ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም ነበር።»

ከዚያ በፊት ስለ እናቴ ሳቅ የነገረኝ ሰው የለም። አሁን ደግሞ ጓደኛዬ መርሳት ጀምራለች። በቅርቡ ሄጄ ስለዚያ ቀን ባነሣባት «የማን እናት?» አለችኝ።

ጽሑፉ የለም። ወደ ላይ ሄድኩ፣ ወደ ታች ወረድኩ።

«የሩፋኤሉ የታለ?»

«ይኖራል እማዬ፣ በደንብ እይው።»

«የለም እኮ ነው የምልሽ። ድሮው ቤት ሄደሽ እይልኝ።»

«ድሮው ተዘግቷል። ዛሬ ጠዋት ፋይሉን እንዳወጣሁ ሁሉም የታሸገ መስሎኝ ዝጉት ብያቸዋለሁ።»

ሳቋ ጠፋ። ቁጭ ብላ መፈለግ ጀመረች፤ እኔም ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ቤቱ ዝብርቅርቁ ወጥቷል። የእንቁጣጣሹን ጽሑፌን ጃንዋሪ ብሎ ገና ሰሞን ከቶታል። የአዲስ ዓመት ዋዜማው ጭራሽ የለም። የቋግሜ ጎርፍ ያልኩትም የለም። ይሄኔ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

«ወይኔ! ቀኑን በኛ አቆጣጠር እንዳለ ነው የሰጠሁት! ይሄ ሲስተም እስከ አሥራ ሁለት ወር ነው የሚያውቀው። አሥራ ሦስተኛ ሲያይ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ከበር መልሶታል።»

«የተመለሰው ታዲያ የት ሄደ?»

«ፋይሉ እኔ ጋ አለ። እሱን አላጠፋሁትም… አላጠፋሁትም መሰለኝ።»

ፋይሉን ስትከፍተው እንደ ጉንዳን የተሰለፈ የፈረንጅ ፊደል ሞልቶታል። ወደ ታች፣ ወደ ታች አወረደችው። በመሃል የኛ ፊደል ብቅ አለ። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ «ስትስቅ አፏን» የሚለው ጋ ስደርስ ነው የተነፈስኩት።

«አሁን የፈረንጁን ቀን ልስጠው፣ ሴፕቴምበር ይበለው። አናቱ ላይ ጳጉሜ ሦስት ብለን እንጽፍበታለን» አለች።

«ቆይ፣ እነሱ ጳጉሜን ምን አደረጓት?»

«በየወሩ በትነዋታል። ለዚያ ነው አንዳንዱ ወር ሠላሳ አንድ የሚሆነው።»

ይህን እስከ ዛሬ ሳላውቅ መኖሬ ገረመኝ። እንደዚያች ያለችን ነገር ሰው እንዴት ይበትናል? እሺ አልኩ፤ የሩፋኤሏ ጽሑፌ ሴፕቴምበር ገባች፤ አስተያየቱም ከሥሯ ተከተላት።

ወዲያው ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ልጇ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት፤ እኔም አነበብኩላት።

«ማነው ይህን የጻፈው?» አለች።

«አንቺ ነሻ።»

«እኔ? ሂጂ እቴ! አሳምሬዋለሁ ታዲያ።»

ሳቅሁ። ልሰናበታት ስል፦

«ነጠላውን ግን አጥር ላይ አልጣለችውም። ማን ነው አጥር ብሎ የጻፈው? እኔን ነው ያስያዘችኝ።»

የልጅ ልጄን በእጄ ጠቀስኳት፤ ገብቷታል፣ ከአስተያየቱ ሥር መጻፍ ጀምራለች። እኔ ስልኩን አጥብቄ ይዤ «ታዲያ አልረጠበም?» አልኩ።

«ጉያዬ ከትቼው?» አለች ተቆጥታ። «ጠብ አላለበትም!»