የወንድሙ ላዳ

መካኒሳ አቦ፣ አንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሦስት ያረጁ መኪኖች ተፋፍገው ቆመዋል፤ ሁለት ላዳና አንድ ፊያት። የሚጠግናቸው ሰውዬ ግራሶ የጠገበ ቱታውን ከእሁድ በቀር አያወልቅም። አንዷን ሲያስነሳ ሌላዋ ትተኛበታለች። መለዋወጫ ሲጠፋ እጁ ዳር ወደቆመችው ላዳ ይሄዳል። መጀመሪያ ማስነሻ ሞተሪኖዋን፣ ኋላ ራዲያተሯን፣ «ለጊዜው ነው፣ እመልሰዋለሁ» እያለ ፈታ። ዛሬ ኮፈኗ ሥር የረባ ነገር አልቀረም።

ላዳዋ ግን የእሱ አይደለችም። ስኳር ዐይኑን እስኪያጠፋበት ድረስ ታክሲ የሠራባት ታላቅ ወንድሙ የሰጠው አደራ ናት።

ወንድሙ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በከዘራው እየዳበሰ ይመጣና መሪዋን ይዞ ይቀመጣል።

«እስቲ አስነሳት፣ ድምጿን ልስማው።»

«እሺ ጋሼ። ቁልፏ ስለሚያስቸግር በኮፈን በኩል ነው የማስነሳት» ይልና አጠገቧ ያለችውን የራሱን ላዳ ያስነሳል።

ባለፈው እሁድም እንዲሁ አደረገ። ሽማግሌው መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ።

«በእኔ ጊዜ እጄን ታንቀጠቅጠው ነበር» አለ በመጨረሻ። «እንዴት ብትይዛት ነው እንዲህ አደብ የገዛችው? እግዜር ይስጥህ።»